አሥር ዓመት ጥብቅና የቆምኩለት ርካሽ አየር መንገድ፦ እሱ ነው የተቀየረው እኔ?

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ አራዳ ላይ አባያና ሻርፕ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ዕቃውን የማመጣው ራሴ ዱባይ ሄጄ ነው፤ በዓመት ሁለቴ፣ አንዴ ለረመዳን አንዴ ለአረፋ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የምመላለሰው በአንድ አየር መንገድ ነው፣ ርካሽ ከሚባሉት በአንዱ። ስሙን አልጠራም፤ እናንተም ባትገምቱ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ስሄድ ያላስፈራራኝ ሰው አልነበረም። ውሃ እንኳ በገንዘብ ነው አሉኝ፣ ወንበሩ ጉልበት ያስራል አሉኝ። ዳቦ ቆሎዬን በፌስታል ቋጥሬ ገባሁ፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እየቆረጠምኩ ሄድኩ፣ የጎደለብኝ ነገር የለም። ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ከፈልኩ፤ 30 ኪሎ ካሉ 30 ኪሎ ጫንኩ፤ ምግብ የለም ካሉ የለም። ከተነገረኝ ላይ የተጨመረብኝም የተቀነሰብኝም አልነበረም። ሱቅ ውስጥ የዋለ ሰው ይቺን ያውቃታል፤ የነገረኝን ዋጋ መሃል ላይ የማይቀይርብኝን ነጋዴ ቆጣቢ ነው ብዬ አልንቀውም፣ ደንበኛ አደርገዋለሁ። ሰው ሲያማቸው እንደ አማቶቼ ጥብቅና እቆምላቸው ነበር። የመጀመሪያውን ቦርዲንግ ፓስ የሱቄ መስታወት ጥግ ላይ ለጥፌው ዛሬም እዚያው አለ።

ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ መጣ። ኪሎው ከትኬቱ ተነጥሎ መሸጥ ጀመረ፤ ወንበር መምረጥ በገንዘብ ሆነ፤ ዋጋው በብር ሲሰላ ከእጥፍም አልፎ ሄደ። ሁሉንም ዋጥኩት። አልዋጥ ያለኝ የዘንድሮው ጥር ነው።

ዱባይ ላይ ልንሳፈር ተሰልፈን አንዲት ሠራተኛ መንጠቆ ያለው የእጅ ሚዛን ይዛ መጣች። የእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው 7 ኪሎ ነው፤ የእኔ 8 ከ400 አለ። የተጠየቅኩት ክፍያ ከውስጡ ሻርፖች ዋጋ ይበልጣል፣ ያውም በካርድ ብቻ። እኔ የያዝኩት ጥሬ ድርሃም ነው። ከኋላዬ የቆመ የኮምቦልቻ ልጅ፣ አይቼውም አላውቅ፣ አስፈቅዶኝ ሻንጣውን ከፈተና ስድስት ሻርፕ መዘዘ። አምስቱን ከጃኬቱ ሥር ወገቡ ላይ ጠመጠማቸው፣ አንዱን አንገቱ ላይ ጣል አደረገው። እንደገና ተመዘነ፤ 6 ከ900። ልጅቷ አንዴ ሚዛኑን አንዴ የልጁን ወገብ አየችና ሳቋን ዋጥ አድርጋ አሳለፈችን። ከተቀመጥን በኋላ ሻርፖቼን እየፈታ መለሰልኝ፤ በላቡ ሞቀዋል።

በሳቅ ሞትን። ቦሌ ወርጄ ሻንጣ ስጠብቅ ግን አንድ ነገር ደረቴ ላይ ቁጭ አለ። ያን ሁሉ ዓመት ስከራከርላቸው እነሱ እኔን አያውቁኝም ነበር ማለት ነው? እስቲ ፍረዱኝ፤ እነሱ ናቸው የተቀየሩት እኔ?

*

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነው። መልሱ ከሠላሳ አለፈ፤ አዲስ የሚገባው ሁሉ የተመለሰውን መልሶ ስለሚጠይቅ እስካሁን የተባለውን በራሴ አፍ ላሳጥረው። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፣ ማረም እንደሆነ እዚህ ቤት ችግር የለም።

ቁጥር 1 የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት። አብሽሪ ብላ ጀመረች፤ እሷም እንደኔ የምትመላለስ መሆኗን፣ እሷን የሚያማርራት ኪሎው ሳይሆን መዘግየቱ እንደሆነ ነገረችን። ደግ መልስ ነበር። ብዙም አልቆየ።

ቁጥር 2 ኮምቦልቻ ላይ ትኬት የሚቆርጥ ወንድማችን ነው፤ የረዘመውም የጠቀመውም የሱ ነው። ትሕትናው ሳይጎድል እኔን ከሥር ነቀለኝ። ሲያስረዳ፣ እነዚህ ርካሽ አየር መንገዶች ገንዘብ የሚያድኑት ውሃ በመከልከል አይደለም። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ይይዛሉ፤ ስለዚህ አብራሪው፣ መካኒኩ፣ መለዋወጫው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ብዙ አይቆምም፤ አውርዶ ጭኖ ይነሳል፣ የሚሠራው ሲበር ነውና። በአንድ አውሮፕላንም ብዙ ወንበር ይደረድራሉ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሌላውን ነገር ሁሉ ነጥሎ መሸጥ ነው። ምክንያቱ ደግሞ እኛው ነን አለ፤ ስልክ ላይ ዋጋ ስናነጻጽር ከላይ የሚመጣው በትንሹ የሚጀምረው ስለሆነ፣ ያ ቁጥር እንዲያንስ ኪሎው ይወጣል፣ ወንበሩ ይወጣል፣ ትኬት መቀየር ይወጣል። ከዚያ የመታኝን ነገር አመጣ። ትኬቱን በኤጀንት ነው የቆረጥሽው ወይስ ራስሽ በስልክሽ፣ የትኛውን ደረጃስ ነው የመረጥሽው ሲል ጠየቀኝ።

ሄጄ አየሁ። ከ2014 ጀምሮ በስልኬ ራሴ ነው የምቆርጠው፤ ሁሌም የምጫነው የመጀመሪያውን፣ ትንሹን ዋጋ ነው። ያ ደረጃ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው ያለው። ኪሎ ከላዩ ስገዛበት የኖርኩት 30 ኪሎ ያለበት ደረጃ ከሥሩ ተቀምጦ እያለ ነው። 7 ኪሎዋም አዲስ አይደለችም፣ ድሮም ተጽፋ ነበር፤ የሚመዝናት አልነበረም እንጂ። አፈርኩ፤ ማፈሬንም እዚያው ጻፍኩለት።

ከ3 እስከ 5 ያሉት ስሙን የገመቱ ናቸው። አትገምቱ ብዬ ነበር። ሁለቱ በግምታቸው ተጣሉ፤ እኔም ልክ ናችሁም አልናችሁም አላልኩም፣ አሁንም አልልም።

ቁጥር 6 ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ እንዳስተማረ የገለጸ ሰው ነው። በብር ከእጥፍ አለፈ ያልኩትን ይዞ አረመኝ። ትኬቱ የሚተመነው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ ከዚያም መውጣቱን አላቆመም። ስለዚህ ከቁጣዬ ግማሹ አድራሻውን ስቷል ማለቱ ነው። ቁጥር 7 ወዲያው ተነሳበት፤ አየር መንገዱ ስንት ከፍሎህ ነው ጥብቅና የቆምከው ዓይነት ነገር ጻፈ። ጥብቅናማ የኔ ሥራ ነበር! ቁጥር 9 ላይ መምህሩ ተመልሶ ሒሳብ ማወቅ ወገን መያዝ እንዳልሆነ በሁለት መስመር ዘግቶት ሄደ። እኔም ለራሴ በዶላር ሳሰላው የጨመረው ያን ያህል እንዳልሆነ አየሁ።

በሁለቱ መሃል ቁጥር 8 ላይ አንድ አባት ገቡ። አንቺ ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት። በወጣትነታቸው ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በዲሲ-3 አውሮፕላን መሄዳቸውን ነገሩን፤ ያኔ ሚዛን ላይ የወጣው ሻንጣቸው ብቻ ሳይሆን ራሳቸውም ጭምር ነበሩ። ክብደታቸው ወረቀት ላይ ሲጻፍ እንደ በግ ተሰማኝ ብለው አሳቁን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉት ሲ-47 አውሮፕላኖች መሆኑን፣ ወንበሩም በጎንና በጎን የተዘረጋ አግዳሚ እንደነበር ጨመሩ። ስለ ጉልበት መታሰር ማማረራችን ትንሽ እንዳስገረማቸው ከቃላቸው ያስታውቃል። የሳቸውን መልስ ያህል የተወደደ የለም።

ግን በዚያው ክሩ ፈረሰ። ኮምቦልቻ የምትለዋን ቃል ያዩ ሁለት ደሴዎች 10 እና 11 ላይ አየር ማረፊያው ለምን በኮምቦልቻ ስም ብቻ እንደሚጠራ ጠየቁ። ኮምቦልቻዎች እስከ 14 ድረስ መለሱላቸው። ጦሳ ተራራ ሥር አውሮፕላን የሚያሳርፍ ሜዳ ካላችሁ አሳዩን ነው ነገሩ፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላ፣ ኮምቦልቻ ከሥሯ 1,850 ገደማ ላይ ሜዳዋን ዘርግታ። ከዚያ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው የሐረጎ ተራራ ጉም ተነሳ፤ ክረምት ላይ ለጠዋት በረራ ስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ሲኖትራክ ቆሞ እንደሚያስረፍድ። ጠቃሚ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ስለ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

ቁጥር 15 ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ስለራሱ ብዙም አልነገረም። ታናሽ ወንድሙ በባቲ አድርጎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ጅቡቲ ኦቦክ ላይ ጀልባ ጠብቆ ወደ የመን እንደተሻገረ፣ ሲወጣ የያዘው አንድ ጀሪካን ውሃና ነጠላ ጫማ እንደነበር ጻፈ። ስለ 1 ኪሎ ከ400 ግራም የሚያለቅስ ሰው በዚህ አገር መኖሩ እንደገረመው ጨመረበት። ቃሉ ስለታም ነበር። የምመልሰው አጣሁ። ከኛ ሰፈርም በዚያ መንገድ የሄዱ አሉ፤ ከመካከላቸው ድምፁ የጠፋ አለ።

የመለሰችለት ቁጥር 16 ናት፤ ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች የደሴ ልጅ። ቁጥር 15ን አልተቆጣችውም፤ ወንድምዬ ብላ ነው የጀመረችው። ከዚያ የነገረችን ይህ ነው። ስትመለስ ከፊቷ የተሰለፈች አንዲት የኛ አገር ሴት አምስት ዓመት ቆይታ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሯ የምትገባ ነበረች። ትኬቱን የቆረጠላት ሌላ ሰው ነው፤ ስንት ኪሎ እንዳለው አታውቅም። ሻንጣዋ በለጠና ወለሉ ላይ አስከፈቷት። ሰው ሁሉ እያያት የውስጥ ልብሷን፣ የሻምፖ ጠርሙሷን፣ የልጆች ጫማ አንድ በአንድ አወጣች። በመጨረሻ የቀረው በፕላስቲክ ቦርሳ ዚፕ የተዘጋው፣ ነብር የተሣለበት ከባድ ብርድ ልብስ ነው፤ የእናቷ። ሁለቴ አስገባችው፣ ሁለቴ አወጣችው። ከዚያ አጣጥፋ ግድግዳ ሥር አስቀመጠችውና ትታው ገባች። አየር መንገዱ የትኛው እንደነበር ቁጥር 16 አልጻፈችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። በእግር የሄደውና በአውሮፕላን የመጣችው የአንድ ቤት ልጆች ሊሆኑ እንደሚችሉ ብቻ ለቁጥር 15 አስታወሰችው። እሱም ብዙ ቆይቶ፣ ማታ ላይ፣ ይቅርታ ጠየቀን።

ቁጥር 17 ሻርፕ የጠመጠምኩት ልጅ እኔ ነኝ ብሎ መጣ። ጉርሻውንም ጠየቀ! አንገትህ ላይ የጣልከው ሻርፕ ምን ዓይነት ቀለም ነበር አልኩት። አረንጓዴ አለ። ውሸታም። (እውነተኛው ልጅ ይህን ካነበብክ ሱቄ ናልኝ፣ ቀለሙን ንገረኝ፤ ለእናትህ የምትሆን አንድ አስቀምጬልሃለሁ።)

ቁጥር 18 ጀርመን የሚኖር የደሴው የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ነው፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም የሚል መንፈስ ነበረው። የአሜሪካውን ሳውዝዌስት አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ውስጥ በጥቂት ቦይንግ 737 የጀመረ፣ የርካሽ በረራ አባት የሚባል ነው። ሌሎቹ ሻንጣ ሲያስከፍሉ እሱ ሁለት ሻንጣ በነጻ እያለ የኖረበት ነገር መታወቂያው ነበር፣ ማስታወቂያውም እሱው ነበር። ኤሊየት የሚባል ኢንቨስተር ድርሻ ገዝቶ ትርፍ አምጡ ብሎ ሲጫናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚቆረጥ ትኬት ያ ነጻ ሻንጣ ከጥቂት ደንበኞች በስተቀር ቀረ። በሱ ሐሳብ የኔ ስህተት የድርጅቱን ባሕርይ እንደ ሰው ባሕርይ ማየቴ ነው፤ ባለቤቱ ወይም ሒሳቡ ሲለወጥ ባሕርዩም ይለወጣል። ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ሱቅ ያለው ሰው እንዲህ አያስብም። እኔ ዋጋ ስቀይር ደንበኛዬን ዓይኗን አይቼ ነው የምነግራት።

እሱው በዚያው መልስ በአውሮፓ ሕግ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ ጠይቂ ብሎኝ ነበር። ቁጥር 20 ሳይውል ሳያድር አረመው፤ ያ ሕግ ለዘገየ፣ ለተሰረዘ በረራና መሳፈር ለተከለከለ መንገደኛ እንጂ ለሻንጣ ክፍያ እንዳልሆነ፣ የዱባይና የአዲስ አበባን መስመር የአውሮፓ ባልሆነ አየር መንገድ ሲሆን እንደማይነካ። ለሻንጣ የሚሠራው የሞንትሪያሉ የ1999 ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም አሉበት። ይችኛዋን ያዙልኝ፦ ሻንጣችሁ ተቀዶ ወይ ተሰብሮ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከመጣ ከተረከባችሁበት በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታችሁን በጽሑፍ ማስገባት አለባችሁ፤ ክስ ከሆነ በ2 ዓመት። ከአዳራሹ ሳትወጡ እዚያው ሻንጣ መጠየቂያው ጋ ማስመዝገብ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የቁጥር 1 እህታችን ይህን አንብባ ባለፈው ዓመት መንኮራኩሩ ወልቆ የመጣ ሻንጣዋን በዝምታ ይዛ መሄዷን አስታውሳ ተናደደች።

ከ21 እስከ 26 ድብልቅልቅ ነው። አንዱ ድርጅቱ መናኸሪያ ሆኗል አለ፤ አውቶቡስ ተራ ትኬት ሌላ፣ ጣራ ላይ የሚጭነው ሌላ፣ ሲደርሱ የሚያወርደው ሌላ እንደሚቀበለው። ሌላዋ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብላ ተረተችባቸው። ቁጥር 24 እኔን ሰደበኝ፤ ነጋዴ ሆነሽ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ሸቀጥ የምትደብቂ አንቺ ነሽ ያስቀጣሽን፣ ለእኛ ለመንገደኞቹ ሚዛኑን ያመጣብን እንዳንቺ ያለው ነው በሚል። ጥቂት አሰብኩበት። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ከላይ ያለው የሻንጣ ማስቀመጫ ሞልቶ ሽማግሌ ሰው ቦርሳቸውን ታቅፈው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ከሞሉት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ቁጥር 27 ላይ ትኬት ቆራጩ ተመለሰ። ለአረፋ ስንት ኪሎ እንደማመጣ ጠይቆኝ ሁለት መንገድ አሰላልኝ። የኔው ርካሽ ከነኪሎው፣ ከነወንበሩ፤ ሌላኛው ምግብም ሁለት ሻንጣም ካለው መደበኛ አየር መንገድ ጋር። ልዩነቱ 11 ዶላር መጣ። አሥር ዓመት ስከራከርበት የኖርኩት ነገር 11 ዶላር! በርግጥ አንድ ሻንጣ ብቻ ለሚይዝ ሰው ልዩነቱ ብዙ እንደሆነ እሱው አስጠነቀቀ፤ ርካሹ ርካሽ የሚሆነው ለቀላል ሰው ነው።

ቁጥር 28 ታዲያ ምን ወሰንሽ አለችኝ። መልሴን ደብቄ አላሳድራችሁ፤ መልሼ በነሱው ቆርጫለሁ። ሰዓቱ ይመቸኛል፤ ቦሌ ደርሼ ብዙ ሳልጠብቅ የኮምቦልቻውን በረራ እይዛለሁ። የቆረጥኩት ግን በኤጀንት ነው፤ ኪሎው ትኬቱ ላይ ተጽፏል፣ ደረሰኙን ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ እነሱኑ ስታማ ሻርፕ እያጣጠፍኩ ሰማኋት። ስትጨርስ ዋጋውን ነገርኳት፣ የሻርፑን።

ቁጥር 29 ቦርዲንግ ፓሱን ከመስታወቱ አንሺው አለችኝ። ላነሳው ሄጄ ነበር፤ ለካ ጽሑፉ ጠፍቷል። ስሜ የለም፣ ቀኑ የለም፣ የወንበሩ ቁጥር የለም። የቀረው ቀድሞ በቀለም የታተመው ምልክታቸው ብቻ ነው። ፎቶ ቤት ያለው ቁጥር 30 እንደ ካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚጻፍ ወረቀት ስለሆነ ፀሐይ እንደሚበላው፣ መመለስ እንደማይቻል፣ ገና ሲገኝ ፎቶ ኮፒ ማድረግ እንደነበረብኝ አስረዳ። አሁንም አላነሳሁትም፤ ማጣበቂያው መስታወቱን ይዞታል።

ከ31 ወዲህ ያሉት ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ያ መንጠቆ ያለው የእጅ ሚዛን ደሴ ውስጥ የት ይገኛል። እኔ ሰኞ ገበያ የስልክ ዕቃ ከሚሸጡት ነው ያገኘሁት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ያልተፈታ አንድ ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ሂዱና አንጠልጥሉበት፤ የመጀመሪያው 1 ኪሎ ከ150 ብሎኝ እዚያው መልሼለታለሁ።